ድንጉጧ አህያና ሆዱን ያባበለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አህዮች ሸክም ሰልችቷቸው ከሰው ቤት ኮብልለው በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንዳሻቸው ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ በመካከላቸው በርጋጊት የምትባል አህያ ነበረች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ማንም አያስታውሰውም። ቅጠል ሲረግፍ ትበረግጋለች። ቆቅ ከሣር ውስጥ ብር ሲል ትበረግጋለች። አንድ ቀን የገዛ ጭራዋ ዝንብ ሊያባርር ብሎ ጎኗን ቸብ ቢያደርጋት፣ የአጋሙን ቁጥቋጦ ጥሳ፣ እሾህ ለብሳ በወዲያኛው በኩል ወጥታለች።

መበርገጓ ብቻ ቢሆን ማን ነገሬ ይላታል። ጣጣው አፏ ነው። ልቧ ድንግጥ ሲል አንገቷ ይዘረጋል፣ አፏ ይከፈታል፣ ከዚያ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ማናፋት ይወጣል። እሷ ራሷ የምትሰማው እንደ ሌላው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ከማዶ ገደል ሥር ደግሞ አያ ጅቦ ይኖራል። ሆዱ ሰፊ ነው፣ አእምሮው ግን ጠበብ ይላል። በሸለቆው ነፋሱ ሽታውን እያምታታበት፣ ጥሻው እየጋረደበት፣ አህዮቹን ፈልጎ ማግኘት አይሆንለትም። በርጋጊት ስታናፋ ግን «እነሆ ጠሩኝ» ይልና ከንፈሩን እየላሰ ይነሳል። እንዲያውም ራሱን እንደ ተጠራ እንግዳ ነበር የሚቆጥረው።

በዚያ በጋ የአንዱ ጆሮ ተቀነጠሰ፣ የሌላው ታፋ ተቦጨቀ። በመጨረሻ አንዲት ውርንጭላ ከአያ ጅቦ ጥርስ ለጥቂት ስታመልጥ አህዮቹ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ሽማግሌያቸው አባ ሸክሜ ይባላሉ። ጭራቸውን በርጋጊት ባናፋችበት በአንዱ ቀን ስላጡ ዝንብ የሚያባርሩት በመነጫነጭ ነበር።

«ልጄ በርጋጊት» አሏት፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ያንቺ አፍ ግን ዝንብም አይደል የሚያስገባብን፤ ጅብ ነው።»

«አውቃለሁ አባ። ልይዘው እፈልጋለሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ይከፈታል።»

«እንግዲህ ክረምቱ እስኪገባ ታግሰንሻል። እስከዚያ አፍሽን ከያዝሽው እሰየው። ካልሆነ ከመንጋው ተለይተሽ ብቻሽን ትኖሪያለሽ። ጨክነን እንዳይመስልሽ፤ ልጆች አሉን።»

ብቻዋን የምትኖር አህያ ማለት ተሰናድታ የምትጠብቅ ራት ማለት ናት። ይህን በርጋጊትም ታውቃለች፣ የፈረዱባትም ያውቃሉ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «የሚያስጥለኝ ባል እንኳ የለኝም» አለች።

«ቢኖርሽስ?» አለች አንዲት ባልቴት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል።»

የባልቴቷ ባል አጠገቧ ቆሞ ሣር ያኝክ ነበር። ማኘኩን አቆመ፤ ጆሮውን አራገፈና ቀጠለ።

በርጋጊት እያለቀሰች ወደ ኩሬው ወረደች። በኩሬው ዳር እማሆይ ኤሊ ይኖራሉ። ስንት ጎርፍና ስንት ቃጠሎ አልፎባቸው አንድም ቀን ሲጣደፉ ያያቸው የለም፤ የተቸገረ ሁሉ ምክር የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። በርጋጊት ልትደርስ ስትል ደረቅ ጭራሮ ረግጣ ቀጭ አለ። ወዲያው አናፋች። እማሆይ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ሸለቆው እስኪረጋ ቆይተው ቀስ ብለው ብቅ አሉ።

«ጨረስሽ?»

«ይቅርታ እማሆይ። ጭራሮ ነው።»

«አይቼዋለሁ። ካየሁት በኋላ ነው የገባሁት፤ ከጭራሮው ሳይሆን ካንቺ ነው የሸሸሁት።»

በርጋጊት የደረሰባትን ሁሉ እያነባች ነገረቻቸው። በመጨረሻም እንደ ጥንት አያቶቿ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች።

«ሰርዶውስ ይበቅላል፤ ሌላ አህያ ይበላዋል» አሉ እማሆይ። «አንቺው ብትበዪው አይሻልም?»

«እርስዎማ ምን አለብዎት። ቤትዎን ለብሰው ነው የሚዞሩት።»

«ቤቱስ አለኝ። ቁም ነገሩ ግን መግባቱ አይደለም፤ ገብቶ የሚሠራው ሥራ ነው። እገባለሁ፣ ሆዴን አባብላለሁ፣ ከዚያ አንገቴን አውጥቼ የመጣውን አየዋለሁ። አንቺ ሆድሽ ባር ባር ሲለው ምን ታደርጊያለሽ?»

«አናፋለሁ።»

«እሱ ሆድን ማባበል አይደለም፤ በሆድ ላይ ማሳበቅ ነው።»

ከዚያ አስተማሯት። እማሆይ ነገር ስለማያስረዝሙ ትምህርቱ አጭር ነበር። «ስትደነግጪ መጀመሪያ እግሮችሽን ፈልጊያቸው። መሬት ላይ ናቸው? አፈሩ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል? እሱን ስትጠይቂ አፍሽ ጥቂት ይጠብቅሻል። ቀጥለሽ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ሆድሽ እስኪነፋ። ከዚያ ከገለባ ላይ አቧራ እንደምታራግፊ ቀስ ብለሽ አውጪው። ማውጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። ልብ በይ፣ ሆድን የሚያባብለው መውጫው ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው አይደለም። በየቀኑ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወደዚህ ጭቃ ትመጪና ውሎሽን ትጽፊያለሽ። በግራ በኩል ያስደነገጠሽን፣ በቀኝ በኩል ሆኖ የተገኘውን።»

«እኔ? በኮቴዬ?»

«ጥርስሽ ከቀለለሽ በጥርስሽ።»

«ማን ሊያነበው ነው እማሆይ?»

«አንቺ።»

«እኔማ አውቀው የለ።»

«ታውቂዋለሽ፤ አይተሽው ግን አታውቂም» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

በመጀመሪያው ቀን በርጋጊት ጭቃው ላይ ቆማ ግራ ገባት። ኮቴዋን አነሳች፣ መለሰች። ወዲያ ወዲህ አይታ ማንም እንደማይስቅባት ካረጋገጠች በኋላ እንዲህ ብላ ጫረች፦

ያስደነገጠኝ፦ ከኋላዬ የመጣ አውሬ። ሆኖ የተገኘው፦ ጭራዬ።

ያስደነገጠኝ፦ ከሰማይ የወረደ መዓት። ሆኖ የተገኘው፦ የሾላ ፍሬ። በላሁት።

ያስደነገጠችኝ፦ ጆሮዋ የረዘመ፣ ፊቷ የከፋ የማላውቃት አህያ። ሆና የተገኘችው፦ ውሃ ስጠጣ እኔ።

ወደኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርሃቷ ሳቀች።

ሳቀች ማለት ዳነች ማለት አይደለም። በማግስቱም አናፋች፣ በሦስተኛውም ቀን አናፋች። አፏ እንደ ልማዱ ይቀድማትና፣ አናፍታ ስታበቃ «ውይ፣ እግሬ» ትላለች። ጭቃው ላይ «ዛሬም ረሳሁ» ብላ የጻፈችበት ቀን ብዙ ነው። እማሆይ አይቆጡም፣ አያሞግሱም፤ አንብበው ይገባሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን እንሽላሊት እግሯ ሥር ሾልኮ ሲያልፍ አንገቷ ተዘረጋ፣ አፏ ተከፈተ፣ «ሂ» አለችና «ሃ»ውን ዋጠችው። መሬቱ ይሞቅ ነበር። አየሩን ስባ ቀስ ብላ አወጣችው። እንሽላሊቱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እሷን እያየ በተራው ልቡ ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲያ የምትውጠው «ሃ» እየበዛ፣ «ሂ»ውም እያነሰ ሄደ።

ሸለቆው ጸጥ አለ። ውርንጭሎቹ ወፈሩ። ባልቴቶቹ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፤ ቆይተን እንይ» ይሉ ነበር።

ጸጥታው ያልተስማማው አያ ጅቦን ነበር። አሁን የማወራውን በርጋጊት የሰማችው ኋላ ነው፤ እኛ ግን ቀድመን እንስማው። አያ ጅቦ ገደሉ ሥር ተቀምጦ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፤ የሚጠራው የለም። የጎድን አጥንቱ ብቅ ብቅ አለ። እመት ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ጉንጩ በእንባ ርሶ አገኘችው።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ከሱብኝ?»

«መጠራት ቀረ» አለ አያ ጅቦ። «ያቺ አህያ ተቀይማኝ ይሆን?»

እመት ቀበሮ ጥቂት አሰበች። እሷ ስታስብ ከሌላው ኪሳራ ለራሷ የሚተርፋትን ነው የምታሰላው። «አስደንግጬ አስናፋታለሁ። እርስዎ ድምፁን ተከትለው ይምጡ። ለእኔ ጉበቷን ብቻ።»

«ጉበቷን?» አያ ጅቦ ገና ያልበላው ጉበት ከሆዱ የተነጠቀ መሰለውና ጮክ ብሎ አለቀሰ። ብዙ ተከራክረው በግማሽ ጉበትና በአንድ ጆሮ ተስማሙ።

እመት ቀበሮ መጀመሪያ ከበርጋጊት ኋላ ደረቅ ቅጠል አንኮሻኮሸች። በርጋጊት እግሮቿን ፈለገች፣ ተነፈሰች፣ ግጦሿን ቀጠለች። ከዳገት ድንጋይ አንከባለለች። በርጋጊት ፈቀቅ ብላ አሳለፈችው። ቀበሮዋ ነገሩ ክብሯን ነካት፤ ወደ አያ ጅቦ ተመልሳ «በማያውቁዎት አገር ያስነጠፉትን ያን ቁርበት ያውሱኝ» አለችው። ቁርበቱን ለብሳ፣ ደረቁን ቆዳ እያንኳኳች፣ ከጥሻው ውስጥ እያጓራች ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር በሸለቆው ታይቶ አይታወቅም።

የበርጋጊት ልብ ዘለለ። መሬቱ ግን እዚያው ነበር፤ እግሮቿም እላዩ ላይ። ቀስ ብላ ተነፈሰችና ቁርበቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እመት ቀበሮ» አለች፤ «ጭራሽ ወጥቷል።»

እመት ቀበሮ ቁርበቱን እየጎተተች ተመለሰች። «አያ ጅቦ፣ አህያዋ ተበላሽታለች። ቢነካኳትም አትጮህም። ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩሬው ዳር ብቻዋን ጭቃ ስትረግጥ አይቻታለሁ። ከእንግዲህ ሳይጠሩ መሄድ ነው።»

አያ ጅቦ ሳይጠራ መሄዱ ከበደው። ረሃቡ ግን ከወግ ይበልጥ ነበርና ተነሳ።

በርጋጊት የዕለቱን ውሎ ልትጀምር ኮቴዋን አንስታ ሳለ ጭቃው ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና አለች። ጭራ አይደለም፣ ሾላ አይደለም፣ ቁርበት የለበሰ ቀበሮም አይደለም። አያ ጅቦ ራሱ ነው፤ ጥርሱ በሙሉ እየታየ።

ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ከኋላዋ ኩሬ ነው፣ ከጎኗ ገደል። ብትሮጥ የሚተርፋት አንድ መንገድ ወደ ሾላው የሚወጣው ነው፤ እዚያ ደግሞ ውርንጭሎቹ ተኝተዋል። ጅቡን ይዛባቸው ልትሄድ ነው ማለት ነው። እግሮቼ የት ናቸው? አለች በልቧ። ጭቃው ውስጥ ነበሩ፤ ጭቃው ይቀዘቅዛል። ሳበች፣ አወጣች። ጅቡ ግን ጅብነቱን አልተወም፤ እዚያው ቆሟል። እንዲያም ሆኖ አፏ አልተከፈተም፤ ማሰብም አላቃታት።

አያ ጅቦ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በመጨረሻ ቅር አለው። «ምነው አታናፊም? እንዲሁ ሳትጠሪኝ ልብላሽ?»

«ውሎዬን ስጽፍ መጡብኝ እኮ አያ ጅቦ።»

አያ ጅቦ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን አየ። በርጋጊት ከጽሑፏ ጎን የፈራችውን ሁሉ ሥላበት ነበር። «ይኼ አፈ ሰፊው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፤ የዚያን ሰሞን።»

«አነካክሰሽ ነው የሣልሽኝ።»

«ያነክሱ የለ እንዴ።»

«ጅብ የሚያነክሰው እስኪነክስ ነው» አለ ኮራ ብሎ። ግን ዓይኑን ከጭቃው አላነሳም፤ ስለ እሱ የጻፈ ማንም አልነበረምና ሆዱ ባባ። «እኔም እኮ ውሎ አለኝ። ሲመሽ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። አንድም የሚያባብልልኝ የለ።»

«ሆድን ማባበያማ አለ።»

«መኖሩንማ አውቃለሁ። አሁን በአንቺ ላባብለው አይደል?»

«በእኔ ቢያባብሉት ነገ መልሶ ያለቅሳል። እማሆይ ያስተማሩኝ በትንፋሽ ነው።»

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ። «ትንፋሽ ይበላል?»

«ወደ ሆድ ይገባል።»

«ሆድ የገባ ነገር ተበላ ነው። ስንት ይደርሰኛል?»

«የሻዎትን ያህል። የሚከለክልዎት የለም።»

የሚከለክል የለም የሚለውን ቃል አያ ጅቦ ሲሰማ ዓይኑ በራ። አህያዋ የት ትሄድብኛለች፤ መጀመሪያ በዚህኛው ልክፈት ብሎ አሰበና ኩሬው ዳር ተንሰራፍቶ ቆመ። በርጋጊት አላታለለችውም። እንደ ተማረችው አስተማረችው፦ «በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይሳቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ያውጡት።»

አያ ጅቦ ሳበ። ሆዱ ነፋ አለ።

«ጎሽ። አሁን ያውጡት።»

አያ ጅቦ አፉን ግጥም አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ከተወለደ ጀምሮ ሆዱ የገባውን ለማንም መልሶ አያውቅም። በላዩ ላይ ሌላ ሳበ።

«አያ ጅቦ፣ የሚያባብለው እኮ መውጫው ነው።»

አያ ጅቦ በጎን አያት። ልትካፈለው የፈለገች መሰለው። ፈጥኖ ጨመረበት። ሆዱ እንደ ተነፋ አቁማዳ ተወጠረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ የፊት እግሩ ከመሬት ለቀቅ አለ። ከኋላው ቁጥቋጦ ተደብቃ ግማሽ ጉበቷን የምትጠብቀው እመት ቀበሮ ብቅ አለች።

«ያውጡት እንጂ አያ ጅቦ፣ ሊፈነዱ ነው!»

ይቺ ደግሞ ከትንፋሼም ግማሹን ልትል ነው ብሎ፣ የቀረውን አየር ሁሉ ሳበው።

አሁን በርጋጊት ማምለጥ ትችል ነበር። አሰበችበትም። ግን ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፤ ውርንጭሎቹም እዚያው ናቸው። እግሮቿን ጭቃው ውስጥ ተከለች። አንገቷን ዘረጋች፤ ማንም አልዘረጋላትም። አፏን ከፈተች፤ ማንም አልቀደማትም። በጋውን ሙሉ ስትውጠው የከረመችውን «ሃ» ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው።

አያ ጅቦ ደነገጠ። የያዘው አየር ሁሉ መውጫ ፈለገ፤ በላይ ወጣ፣ በአፍንጫ ወጣ፣ አብዛኛው ግን በታች ወጣ። ድምፁ ከማናፋቱ በለጠ። አያ ጅቦ እግሩን አልፈለገ፣ ዞሮ አላየ፤ ከኋላው ሌላ አውሬ የመጣበት መሰለውና ማነከሱን ረስቶ ዳገቱን ወጣ። ልክ ከኋላው የነበረችው እመት ቀበሮ የደረሰባትን ባልናገር ይሻላል። ኩሬው ውስጥ ዘልላ ገብታ ብዙ ቆይታ ወጣች፤ የጉበቱንም ነገር ዳግመኛ አላነሳችም። ጅብ እስከ ዛሬ ሲሄድ ወደ ኋላው የሚገላመጠው ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው ይባላል።

አቧራው ከረጋ በኋላ የአህያ ባሎች ሁሉ «ደረስንልሽ!» እያሉ መጡ። ጅቡ የለም፤ ቢሆንም አየሩን ጥቂት ተራገጡ። አባ ሸክሜ ከኋላ እያዘገሙ ደረሱና በርጋጊትን ትክ ብለው አዩዋት።

«አናፋሽ። ሾላው ሥር ሆነን ሰምተናል።»

«አዎ አባ። እስከ ዛሬ ያናፋው አፌ ነበር። የዛሬውን ያናፋሁት እኔ ነኝ።»

አባ ሸክሜ ጭራ በሌለው ወገባቸው ዝንብ ሊያባርሩ ሞከሩ፤ ሐሳብ ሲይዛቸው እንዲህ ያደርጋቸዋል። «ክረምቱ ሲገባ» አሉ በመጨረሻ፣ «የምታድሪው ከውርንጭሎቹ አጠገብ ነው። እንዳንቺ ያለ አጠገባቸው ይኑር።»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ በርጋጊት ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ጥቂት የብርሃን ጭላንጭል ቀርቷታልና ጫረች፦

ያስደነገጠኝ፦ ጅብ። ሆኖ የተገኘው፦ ጅብ።

እማሆይ ኤሊ ቀስ ብለው ከውሃው ወጡ። ግራውን አነበቡ፣ ቀኙን አነበቡ። «ይኼኛውስ እውነተኛ ነበር» አሉ።

«እውነተኛ ነበር፣ እማሆይ» አለችና ከሥሩ አንድ ቃል ጨመረች፦ አለሁ።

ከዚህ የምንማረው፣ ድንጋጤ ጅብ ይዞም ሆነ ሾላ ይዞ ወደ ሁላችንም ቢመጣም፣ ትንፋሹን ሰብስቦ የፈራውን ከሆነው ለይቶ የሚያይ በገዛ አፉ እንደማይጠፋ ነው።